አንድ ያገለገለ ልብወለድ ለብዙ አንባቢ

አንድ ያገለገለ ልብወለድ ገዝተው በተራ የሚያነቡ፣ ከዚያም አስተያየት የሚለዋወጡ አንባቢያን ብዙ ጥያቄ ልከውልናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። መጽሐፉን ከእጅ ወደ እጅ በደህና ማድረስ የሥራው ግማሽ ነው። ከባዱ ግማሽ እያንዳንዱ አንባቢ በሌላው ሳይጎተት የራሱን አስተያየት ይዞ ወደ ውይይቱ እንዲመጣ ማድረግ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ሰባት ሆነን አንድ ቅጂ በተራ ልናነብ ተስማምተናል። ለአንድ ሰው ስንት ቀን ይሰጠው? መጽሐፉ አንድ ሰው ጋ ሲቀርስ ምን ይደረግ?

መልስ፦ ቀኑን ከገጹ ብዛት ተነሥታችሁ አስሉ፤ መለኪያው ደግሞ የዝግተኛው አንባቢ ፍጥነት ይሁን። ባለ 320 ገጽ ልብወለድ በቀን 20 ገጽ ለሚያነብ ሰው 16 ቀን ይፈጃል። አስተያየት ለመጻፍና መጽሐፉን ለማስረከብ 5 ቀን ጨምሩበት፤ ሦስት ሳምንት ሞላ። ለሰባት ሰው 21 ሳምንት፣ ወደ አምስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ሰባተኛው ሰው ሲጨርስ የመጀመሪያው የገጸ ባሕርያቱን ስም እንኳ ረስቶታል። እኛ ለአንድ ቅጂ ከአራት ሰው በላይ አንመክርም። ሰባት ከሆናችሁ ሁለተኛ ቅጂ ፈልጉና አራትና ሦስት ሆናችሁ ተከፈሉ፤ ሁሉም በ12 ሳምንት ውስጥ ያልቃል።

መጽሐፍ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ስንፍና አይደለም። አንባቢው መጽሐፉን አልወደደውም፣ ያንን መናገር ደግሞ አፍሯል። ስለዚህ ከመጀመሪያው አንድ ደንብ አኑሩ፦ ከተሰጠው ጊዜ ግማሹ ሲያልቅ የመጽሐፉን አንድ ሦስተኛ ያልደረሰ ሰው ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ከፈለገ ወደ ተራው መጨረሻ ይዛወራል። ማንም አይጠየቅም፣ ማንም አይወቀስም። ስም፣ የተረከበበት ቀንና ያስረከበበት ቀን የሚሰፍርበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ሽፋኑ ውስጥ ይቀመጥ። ቀጣዩ ሰው መጽሐፉን ሲረከብ የሳሳውን ወይም የተቀደደውን ቦታ እዚያው ይጻፍ፤ «ማን ቀደደው» የሚለው ጭቅጭቅ በዚህ ይቀራል።

መጽሐፉ በመጨረሻ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል ወይስ በዚያው ይቀጥላል የሚለውንም ቀድማችሁ ወስኑ። በ2001 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቡክክሮሲንግ የተባለው መጽሐፍ የማዘዋወር ልማድ አባላት ሁለቱን በተለያየ ስም ነው የሚጠሯቸው፤ ተመላሹን «ቀለበት»፣ የማይመለሰውን «ጨረር» ይሉታል። ባለቤቱ «ይመለስልኛል» እያለ ሌሎቹ «ተሰጥቶናል» ብለው ካመኑ ወዳጅነት ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልብወለድ ስንገዛ ምን ምን እንይ? አንድ ጊዜ መጨረሻው የጎደለ ገጥሞናል።

መልስ፦ የመጨረሻውን ገጽ ማየት ብቻውን አይበቃም፤ መሐሉም ይጎድላል። ብዙ መጻሕፍት የሚታተሙት በትልልቅ ወረቀት ላይ ሆኖ ወረቀቱ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 32 ገጽ ይሆናል። በጥረዛ ጊዜ አንድ እጥፍ ከተዘለለ 16 ወይም 32 ገጽ ባንዴ ይጠፋል፤ አንዳንዴም አንዱ እጥፍ ሁለቴ ይገባና የሚቀጥለው ይቀራል። ስለዚህ የገጽ ቁጥሩን በየ16ቱ እየዘለላችሁ ተመልከቱ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ መጽሐፉን መሐል ላይ በቀስታ ክፈቱት። ገጾቹ ከተያያዙበት ጎን የመሰንጠቅ ድምፅ ከሰማችሁ ኮላው ደርቋል፤ ሦስተኛው አንባቢ እጅ ላይ ሲደርስ ይበታተናል። የላይኛውን ጠርዝና የሽፋኑን ማጠፊያ እዩ፦ ክብ ቀዳዳና ዱቄት የመሰለ ብናኝ የነፍሳት ምልክት ነው። አሽትቱትም። ወረቀቱ ቢጫ መሆኑ ግን አያስፈራችሁ። ርካሽ ወረቀት ውስጥ የሚቀረው ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር በብርሃንና በአየር ምክንያት ቢጫ ይሆናል፤ ለንባብ ምንም አይጎዳም። የገጹን ጥግ በትንሹ አጠፍ ስታደርጉት ተሰብሮ የሚወድቅ ከሆነ ግን ለብዙ እጅ አይሆንም፣ ተዉት።

የኅትመት መረጃ ያለበትን ገጽም አንብቡ። «አጭር እትም» ወይም «ለተማሪዎች የተዘጋጀ» ከተባለ በሙሉው እትም ላይ ከሚያወሩ ሰዎች ጋር አትግባቡም። ልብወለዱ መጀመሪያ የታተመበትን ዓመትና በእጃችሁ ያለው ቅጂ የታተመበትን ዓመት ለዩ። በ1930 የተጻፈውን በ1990 ታትሞ አይታችሁ «ለዘመኑ ኋላ ቀር ነው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት ቅጠሎች ተገንጥለው ወጡ። በስኮች ብናያይዛቸው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ስኮች አትጠቀሙ። ማጣበቂያው እያደር ቢጫ ይሆናል፤ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ እንደ ዘይት ያለ እድፍ ይተዋል። ከዓመታት በኋላ ላስቲኩ ራሱ ይነሣል፣ እድፉ ግን ይቀራል። ከዚህም ሌላ ስኮቹ ከወረቀቱ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ገጹ በተገለጠ ቁጥር በስኮቹ ጠርዝ በኩል ይታጠፍና እዚያው ይቀደዳል።

ለአንድና ለሁለት ቅጠል የሚሻለው ሲደርቅ የማይሰባበር ነጭ ኮላ፣ ቀጭን ብሩሽ፣ ሁለት ቁራጭ ወረቀትና የሰም ወረቀት ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ከሚገባበት ቦታ የደረቀውን አሮጌ ኮላ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ። ቅጠሉን አስተኙና አንዱን ቁራጭ ወረቀት ከሥሩ፣ ሌላውን ከላዩ አድርጉ፤ ከላይ ያለው ወረቀት በውስጠኛው ጠርዝ በኩል 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍት ይተው። በዚያች ክፍት መስመር ላይ ኮላውን ስስ አድርጋችሁ ከወረቀቱ ወደ ውጭ ቀቡ። ቁራጮቹን አንሡ፤ ቅጠሉን እስከ ውስጥ ድረስ ግፉት፤ የላይኛው፣ የታችኛውና የውጭው ጠርዝ ከሌሎቹ ገጾች ጋር እኩል መሆኑን እዩ። የሰም ወረቀት ከግራና ከቀኝ አስገቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው ኮላ ማብዛት ነው፤ የተረፈው ወደ ጎረቤት ገጽ ይፈስና ሦስት ገጽ አንድ ላይ ያጣብቃል። ሁለተኛው ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ሳይገፉ መዝጋት ነው። ከውጭ አንድ ሚሊ ሜትር የሚወጣ ጠርዝ እጅ በነካው ቁጥር ይተለተላል። ኮላው ከመያዙ በፊት ስቦ ማስተካከል ይቻላል፣ ከደረቀ በኋላ ግን አትንኩት።

ከዐሥር ቅጠል በላይ ከወጣ አንድ በአንድ መለጠፍ አይረባም፤ የቀረውም ተከትሎ መውጣቱ አይቀርም። ሽፋኑን አላቃችሁ ገጾቹን በሙሉ አስተካክሉና በሁለት ጣውላ መካከል አጥብቃችሁ እሰሩ፤ የሚለጠፈው ጎን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣ። ገጾቹን ወደ ቀኝ አዘንብላችሁ ኮላ ቀቡ፣ ወደ ግራ አዘንብላችሁ ድገሙ። እንዲህ ሲሆን ኮላው በእያንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ከሁለቱም ፊት በጥቂቱ ይገባል፤ የጥገናው ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ አንድ ረድፍ የቁስል ፋሻ ከላይ ለጥፉ፣ በላዩ ላይ እንደገና ቀቡና አሳድሩት። ሽፋኑ በማግስቱ ይለጠፋል። ይህ የሚሠራው በኮላ ብቻ ለተያያዘ መጽሐፍ ነው። በክር የተሰፋ ከሆነ ክሩን አትቁረጡ፣ ለጠራዥ ስጡት።

ጥያቄ፦ የገዛነው መጽሐፍ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። ሽቶ ብንረጭበት ወይም ፀሐይ ላይ ብናሰጣውስ?

መልስ፦ ሽቶው ባለው ሽታ ላይ ሌላ ሽታ ይጨምራል፣ እርጥበትም ያስገባል። የጠራ ፀሐይ ደግሞ ወረቀቱን ያገረጣል፣ ሽፋኑንም ያጣምማል።

መጀመሪያ ሻጋታው ሕያው ነው ወይስ የደረቀ ብላችሁ ለዩ። በብሩሽ ጫፍ ስትነኩት እንደ ቅባት የሚዝለገለግና የሚሰራጭ ከሆነ ሕያው ነው። መጽሐፉን ከሌሎች መጻሕፍት አርቃችሁ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ቦታ ገጾቹን ከፈት አድርጋችሁ አድርቁት። እንደ ዱቄት ሲሆን ብቻ ከቤት ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ከራሳችሁ ወደ ውጭ ጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፤ ዘሩን ወደ ወረቀቱ ውስጥ መግፋት ነው። ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ስለሚያንሠራራ የጠረጋችሁትን መጽሐፍ መልሳችሁ እርጥብ ግድግዳ አጠገብ ካደረጋችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

ለሚቀረው ሽታ ክዳን ያለው ትልቅ ሣጥን አዘጋጁ። ከሥሩ አንድ ሳሕን ቤኪንግ ሶዳ ወይም ለሽታ ማጥፊያ የሚሸጥ ከሰል አድርጉ፤ መጽሐፉን ዱቄቱን እንዳይነካ ከፍ ባለ ነገር ላይ ገጾቹን በትንሹ ከፍታችሁ አቁሙት። ዘግታችሁ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ተዉት። ቤኪንግ ሶዳውን ገጾቹ መሐል መነስነስ የሚመክሩ አሉ፤ አታድርጉት፣ ከማጠፊያው ውስጥ ተጠርጎ አይወጣም። ከአንባቢዎቹ መካከል አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ይህ ሁሉ ልፋት ይቅርና ሌላ ቅጂ ግዙ።

ብል ወይም ሌላ ነፍሳት ካያችሁ መጽሐፉን አየር በማያስገባ ፌስታል አጥብቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፌስታሉን ወዲያው አትክፈቱ። አንድ ቀን ሙሉ ታሽጎ ይቆይ፤ ያኔ ጤዛው ፌስታሉ ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አያርፍም።

ጥያቄ፦ የቀድሞው ባለቤት በእስክሪብቶ አስምሮበታል፣ ጠርዙ ላይም ጽፎበታል። እኛስ እንጻፍበት?

መልስ፦ የእስክሪብቶውን አትታገሉት፤ ቀለም ማስለቀቂያ ወረቀቱን ይበሳዋል። እርሳስ ከሆነ በነጭ ለስላሳ ላጲስ ከገጹ መሐል ወደ ውጭ አጥፉ፤ ወዲያና ወዲህ ካሻችሁ ወረቀቱ ይጨማደዳል።

እናንተ አትጻፉበት እንላለን፤ ንጽሕናው አይደለም ዋናው ምክንያታችን። የተሰመረ መስመር ቀጣዩን አንባቢ «እዚህ ጋ ቁም» ይለዋል፤ ያልተሰመረበትን ገጽ ደግሞ በሩጫ ያልፈዋል። ከእናንተ መካከል የመጀመሪያው አንባቢ ለሁሉም አነበበላቸው ማለት ነው። እያንዳንዳችሁ በገጽ ቁጥር የተከፋፈለ የራሳችሁን ወረቀት ያዙ። ምልክት የግድ ካስፈለገ የወረቀት ቁራጭ አስገቡና ስታስረክቡ አውጡት። ተለጣፊዎቹ ባለቀለም ወረቀቶችም ቢሆኑ ሙጫቸው ገጹ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ አንብበን ስንገናኝ ሁሉም ሰው «ደስ ይላል» ይልና ወሬው ያልቃል። ወይ ደግሞ አንድ ሰው መናገር ይጀምርና ሌሎቻችን «እኔም እንደዛው» እንላለን። እንዴት እናስተካክለው?

መልስ፦ አስተያየታችሁን የምታደርሱበትን ቅደም ተከተል ቀይሩ። እያንዳንዱ ሰው መጽሐፉን በጨረሰ በሁለት ቀን ውስጥ፣ የማንንም ሐሳብ ሳይሰማ፣ ግማሽ ገጽ ጽፎ በፖስታ ያሽግ። ፖስታዎቹ ከመጽሐፉ ጋር አይዙሩ፤ አንድ ሰው ጋ ይቀመጡ። የሚከፈቱት የመጨረሻው አንባቢ የራሱን ካስገባ በኋላ ነው። በንግግር ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው ሰው ሐሳብ በመጀመሪያው፣ የሦስተኛው በሁለቱ ይጎተታል። በጽሑፍ የታሸገ ግን መቼ ቢወጣ የባለቤቱ ነው።

ግማሽ ገጹ ላይ «ወደድሁት» ወይም «አልወደድሁትም» አይጻፍ። ለሦስት ጥያቄዎች ይመልስ፦ ንባቤ የተደናቀፈው ወይም ሳልወድ የቆምሁት የት ገጽ ላይ ነው? የትኛውን ገጸ ባሕርይ አመንሁ፣ የትኛውን አላመንሁም? መጽሐፉን ስዘጋው ያልተመለሰልኝ ነገር ምንድን ነው? እያንዳንዱ መልስ ምዕራፍና ገጽ ይኑረው። ምዕራፉን የምንጨምረው የተለያየ እትም የያዘ ሰው ካለ የገጽ ቁጥሩ ስለማይገጥም ነው።

ገጽ መጥቀስ ምን እንደሚለውጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዱ አንባቢ «ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልበ ደንዳና ናት» አለ እንበል። የት? ገጽ 84፤ ወንድሟ በሌሊት መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ አልከፈተችለትም። ገጹ ይገለጥና ይነበብ። ትዕይንቱን የሚተርከው ማን ነው? ወንድሟ ነው። እንግዲያው እኛም እንደ እሱ ከበሩ ውጭ ነበርን፤ ውስጥ ምን እንዳደረገች፣ መስማቷን እንኳ አላየንም። «ልበ ደንዳና» የሚለው ፍርድ ከደራሲው አልመጣም፤ የተናደደ ወንድም ቃል ነው። አሁን ውይይቱ እሷ ክፉ ናት ወይስ ደግ ከሚለው ወጥቶ ደራሲው ለምን በዚህ አንጻር ሊያስተርከው መረጠ ወደሚለው ይሄዳል። ብዙዎቹ የልብወለድ ክርክሮች የሚፈቱት «ይህን የነገረን ማን ነው?» በሚለው ጥያቄ ነው፤ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ።

ለንግርም፣ ማለትም በኋላ ለሚሆነው ነገር ቀድሞ ለሚጣለው ፍንጭ፣ እንዲሁ አድርጉ። የታሪኩ መጨረሻ «ዱብ ዕዳ ሆነብኝ፣ አላሳመነኝም» የሚል ሰው ካለ ሁላችሁም ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለዚያ መጨረሻ የተጣለ ፍንጭ ፈልጉ። ሦስት ቦታ ካገኛችሁ ጥድፊያው የአንባቢው ነበር። ምንም ካላገኛችሁ ጉድለቱ የሴራው (የታሪኩ ድርጊቶች ትስስር) ነው፤ ነቀፌታውም ማስረጃ አገኘ። ምልሰት፣ ማለትም ትረካው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን ማሳየቱ፣ የበዛበት ልብወለድ ከሆነ ድርጊቶቹን በተፈጸሙበት ተራ በአንድ ወረቀት ላይ አስፍሯቸው። ግራ ያጋባችሁ አተራረኩ ነው ወይስ ደራሲው ራሱ የሳተው ዕድሜና ዓመት አለ የሚለው ወዲያው ይለያል።

ስትገናኙ መጀመሪያ ይናገር የሚባለው መጽሐፉን ያልወደደው ሰው ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚናገረው ደግሞ መጽሐፉን የመረጠው። መራጩ ቀድሞ ካሞገሰው ሌሎቹ እሱን ላለማስቀየም ያለዝቡታል። በአንድ ስብሰባ ከሁለት ወይም ከሦስት ቦታ በላይ አትወያዩ። ዐሥር መስመር ያህል ጮክ ብሎ አንብቦ በዚያ ላይ መቆየት ሙሉውን ታሪክ ከመተረክ ይሻላል፤ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋልና።

ጥያቄ፦ ግማሽ ላይ ያቆመ ሰው አስተያየት ይሰጣል?

መልስ፦ ይሰጣል፤ ያቆመበትን ገጽና ምክንያቱን ይጻፍ። ሦስት ሰዎች ሳይነጋገሩ አንድ ምዕራፍ ላይ ካቆሙ ስለ ልብወለዱ አወቃቀር ከብዙ ሙገሳ የበለጠ ተነገረ። ስላላነበበው መጨረሻ ግን አይፍረድ።

ጥያቄ፦ ተራቸውን ለሚጠብቁት ገጾቹን በስልክ ፎቶ አንሥተን ብንልክላቸውስ? መጽሐፉ የገዛነው አይደል?

መልስ፦ የገዛችሁት ቅጂውን ነው፤ የማባዛት መብቱን አይደለም። ቅጂውን ማዋስ፣ መስጠት፣ መሸጥ ትችላላችሁ። በአሜሪካ አንድ አሳታሚ በልብወለድ ላይ «ከአንድ ዶላር በታች መሸጥ ክልክል ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ አትሞ በርካሽ የሸጡትን ነጋዴዎች ከስሶ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 አንዴ በተሸጠ ቅጂ ላይ አሳታሚው እንዲህ ያለ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ። ያገለገለ መጽሐፍ ገበያ በብዙ አገር የቆመው በዚህ ዓይነት መርሕ ላይ ነው። መርሑ የሚሠራው ግን ለዚያችው አንዲት ቅጂ ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ፎቶ አንሥቶ ማሰራጨት ሌላ ቅጂ መሥራት ነው። ለውይይት የምትፈልጓትን አንድ አንቀጽ በእጅ ገልብጣችሁ ብትልኩ ይበቃል፤ ከመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ ከሆነች ደግሞ ያላነበበ እንዳይከፍታት ከላይ «ከገጽ 160 በኋላ» ብላችሁ ጻፉበት።

ጥያቄ፦ ሁላችንም ጨርሰን መጽሐፉን ለማናውቀው አንባቢ ልናሳልፈው ነው። አስተያየቶቻችንን አብረን እንላክ?

መልስ፦ ላኩ፣ ግን ከኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በተለጠፈ ፖስታ ውስጥ ታሽገው ይሂዱ፤ ፖስታው ላይ «አንብበው ከጨረሱ በኋላ ይክፈቱ» ተብሎ ይጻፍ። ከስማችሁ የመጀመሪያው ፊደል ይበቃል፤ አድራሻና ስልክ አታስገቡ። ፖስታውን የምትለጥፉት በጀርባው አራት ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ኮላ ከቀባችሁት ሽፋኑ ሲደርቅ ይጎብጣል። ወረቀቶቹን በሽቦ ማያያዣ አትያዙ፣ ሲዝግ ገጹን ያበላሻል። ስለ ልብወለዱ የተጻፈ የጋዜጣ ቁራጭ ካላችሁ ደግሞ በነጭ ወረቀት ገልብጡት እንጂ ቁራጩን ገጾቹ መሐል አትተዉት፤ በውስጡ ያለው አሲድ በሁለቱም ገጽ ላይ ቡናማ ጥላ ያትማል። ከአምስት ስድስት ቅጠል በላይ ደግሞ አታስገቡ፤ ፖስታው ከወፈረ ሽፋኑ ገርበብ ብሎ ይቀርና እናንተ የለጠፋችሁት ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።